የጨዋታ መሣሪያ በስንት ዓመት ይታደስ?

በዛሬው ዘመን በብዙ ቤት ውስጥ በአባትና በልጅ መካከል ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ ይህ ነው። ልጁ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠመው የጨዋታ መሣሪያው አርጅቷልና አዲሱ ይገዛልኝ ይላል። አባትየውም መሣሪያውን አንሥቶ መብራቱ ሲበራ፣ ጆይስቲኩም ሲታዘዝ ባየ ጊዜ፣ «ምኑ አረጀ?» ብሎ ይመልሳል። እንደ እውነቱ ከሆነ ሁለቱም አልዋሹም። መሣሪያው አልተሰበረም፤ ዳሩ ግን የሠራው ኩባንያ ሌላ ስላወጣ አዲሶቹ ጨዋታዎች ለርሱ መሠራታቸው ቀርቷል። ጤነኛ ሆኖ ሳለ አርጅቷል ተብሎ የተፈረደበት በባለቤቱ ቤት ሳይሆን በሩቅ አገር በኩባንያ ሸንጎ ነው።

ስለዚህ የጨዋታ መሣሪያ ሠሪዎች በስንት በስንት ዓመት አዲስ ሊያወጡ ይገባል? የሚለው ጥያቄ የመሐንዲሶችና የነጋድያን ብቻ ሳይሆን የቤተሰብም ጥያቄ ሆኖ ስላገኘነው፣ በዚህ ገጽ ጥቂት ልንጽፍበት ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።

አስቀድሞ የነገሩን ጠባይ መረዳት ያሻል። ሬዲዮ የገዛ ሰው ማናቸውንም ጣቢያ ይሰማበታል፤ የልብስ ስፌት መኪና የገዛም ከየትም የመጣ ጨርቅ ይሰፋበታል። የጨዋታ መሣሪያ ግን እንዲህ አይደለም። ለርሱ ተብሎ ከተሠራው ጨዋታ በቀር ሌላ አይቀበልም። ስለዚህ መሣሪያውን መግዛት የወጪ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። አንድ ቤተሰብ በ300 ዶላር መሣሪያ ገዝቶ፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጨዋታ በ50 ወይም በ60 ዶላር ሲሰበስብ፣ ስድስተኛውን ሲገዛ የመሣሪያውን ዋጋ ያህል አውጥቶ ይገኛል። በሣጥን የተቀመጡት ዲስኮችም ሀብት የሚባሉት የሚያነባቸው መሣሪያ እስካለ ድረስ ነው።

ሠሪውም በበኩሉ ከመሣሪያው የሚያገኘው ትርፍ ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከወጪው በታች ይሸጠዋል። ለምሳሌ ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2006 ፕሌይስቴሽን 3ን ባወጣ ጊዜ በአሜሪካ ዋጋው 499 እና 599 ዶላር ሆኖ ሳለ፣ እንኳን ሊያተርፍ በያንዳንዱ ይከስር ነበር። ትርፉ የሚመጣው ከጨዋታው ነው፤ ሌሎች ኩባንያዎች ለመሣሪያው ከሠሩት ጨዋታም ድርሻውን ይቀበላል። እንግዲህ በገዢና በሠሪ መካከል በወረቀት ያልተጻፈ ውል አለ ማለት ነው። ገዢው ገንዘቡን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ሠሪውም ለጥቂት ዓመታት ጨዋታ አላሳጣህም ብሎ ቃል እንደ ሰጠ ይቈጠራል። ይህ ውል በፍርድ አደባባይ የሚያስከስስ አይደለም፤ ያፈረሰውን ግን ገበያው ራሱ እንደሚቀጣው ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከው ያስረዳል።

ታሪኩ የሴጋ ነው። ሴጋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1988 ሜጋ ድራይቭ የሚባለውን መሣሪያ በአገሩ አወጣ፤ በተከታዩም ዓመት ጄነሲስ በሚል ስም ወደ አሜሪካ አስገባው። በዚያ ዘመን ገበያውን ጨብጦ የያዘው ኒንቴንዶ ነበረ፤ የርሱ ፋሚኮም ግን በ1983 የወጣ ስለ ሆነ ሥዕሉም ድምፁም ከአዲሱ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ኒንቴንዶ ተተኪውን ሱፐር ፋሚኮምን በጃፓን በ1990፣ በአሜሪካም በ1991 እስኪያመጣ ድረስ ሴጋ በአሜሪካ ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ ነገደ። ሶኒክ የተባለውን ሰማያዊ ጃርት የዓለም ሕፃናት ያወቁት በዚህ መሣሪያ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሥራው የሚያስመሰግን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ኩባንያው የቸኰለ ሰው አካሄድ ሄደ። በ1991 በጃፓን፣ በ1992 በአሜሪካ ሜጋ ሲዲ የሚባል ዲስክ ማንበቢያ አወጣ። ይህ ብቻውን የሚሠራ ሳይሆን ከሜጋ ድራይቭ ጋር የሚገጠም ተቀጽላ ነበረ፤ ዋጋው ግን በአሜሪካ 299 ዶላር ስለ ሆነ፣ ተቀጽላው ከዋናው መሣሪያ በለጠ። በኖቬምበር ወር 1994 ደግሞ 32ኤክስ የሚባል ሁለተኛ ተቀጽላ በአሜሪካ በ160 ዶላር ያህል ለሽያጭ አቀረበ፤ ይህም በመሣሪያው አናት ላይ የሚሰካ ነበረ።

አሁን አንባቢዎቻችን ይህን ልብ ይበሉልን። 32ኤክስ በአሜሪካ በወጣበት በዚያው ወር፣ ያው ሴጋ በጃፓን ሳተርን የሚባል ፈጽሞ አዲስ መሣሪያ አወጣ። የ32ኤክስ ጨዋታ በሳተርን አይሠራም፤ የሳተርንም በ32ኤክስ አይሠራም። ለፈረንጆች ገና ለልጁ 32ኤክስ የገዛለት አሜሪካዊ አባት፣ ዕቃው ከእሽጉ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ኩባንያው ራሱ ፊቱን ወደ ሌላ እንዳዞረ ሰማ። ለዚህ ተቀጽላ የተሠሩት ጨዋታዎች ሁሉ ቢቈጠሩ አርባ ያህል ናቸው፤ በመጨረሻም ሱቆች የቀረባቸውን ዕቃ በ20 ዶላር ያህል ሸጠው ከመደርደሪያቸው አወረዱት።

ችኰላው በዚህ አላበቃም። ሳተርን ወደ አሜሪካ የሚገባው በ1995 በሴፕቴምበር ወር ነው ተብሎ ተነግሮ ሳለ፣ ሜይ 11 ቀን በሎስ አንጀለስ በተደረገው የጨዋታ ትርኢት ላይ የአሜሪካው ቅርንጫፍ ኀላፊ ተነሥተው፣ መሣሪያው ዛሬውኑ በ399 ዶላር በመሸጥ ላይ ነው ብለው አስታወቁ። የተሰጠውም ለጥቂት ሱቆች ብቻ ነበረ። የተተዉት ነጋድያን ተቈጡ፤ ከነርሱም አንዱ ታላቅ የአሻንጉሊት ነጋዴ የሴጋን ዕቃ አልይዝም አለ። ሥራቸውን ለሴፕቴምበር ያሰናዱ የነበሩት ጨዋታ ሠሪዎችም ባዶ እጃቸውን ተገኙ፤ ገዢው መሣሪያውን ይዞ ቤቱ ሲገባ የሚጫወተው እምብዛም አልነበረውም። በዚያው ቀን የሶኒ ሰው በተራቸው ወደ መድረክ ወጥተው «299» የሚለውን ቍጥር ብቻ ተናግረው ወረዱ፤ ይኸውም የፕሌይስቴሽን ዋጋ ነበረ። በንግድ ዓለም ከተደረጉት ንግግሮች ሁሉ ይህን ያህል አጭር ሆኖ ይህን ያህል የጐዳ መኖሩን እንጠራጠራለን።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ የአሜሪካው ቅርንጫፍ አዲስ ኀላፊ የኩባንያው የወደፊት ተስፋ ሳተርን አይደለም ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ትናንት ለገዛ ሰው ይህ ምን ዐይነት ዜና ነው? በኖቬምበር 1998 ድሪምካስት በጃፓን ወጣ፤ በሴፕቴምበር 9 ቀን 1999 በአሜሪካ በ199 ዶላር ተሸጠ። ድሪምካስት መልካም መሣሪያ እንደ ነበረ የሚክድ የለም፤ በስልክ መስመር ከኢንተርኔት የሚያገናኝ ዕቃ ከውስጡ ተሠርቶለት ነበር። ዳሩ ግን የሳተርንን ዲስክ አያነብም ነበረ፤ ሳተርንም ቀድሞ የሜጋ ድራይቭን ካሴት አልተቀበለም ነበር። ሜጋ ድራይቭ፣ ሜጋ ሲዲ፣ 32ኤክስ፣ ሳተርን፣ ድሪምካስት፤ በ10 ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ለአንድ ቤተሰብ «ይህን ግዛ» ተብሏል ማለት ነው። ስለዚህ ብዙዎች ከዚህ በፊት የተቃጠለ እጃቸውን ሰብስበው፣ ሶኒ በ2000 የሚያወጣውን ፕሌይስቴሽን 2ን መጠበቅ መረጡ። ከታላላቆቹ ጨዋታ ሠሪዎች አንዱ የሆነው ኤሌክትሮኒክ አርትስም ለድሪምካስት አንድም ጨዋታ አልሠራለትም።

በጃንዋሪ 31 ቀን 2001 ሴጋ መሣሪያ መሥራቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። የተሸጠው ድሪምካስት 9 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበረ። የኩባንያው አለቃ ሚስተር ኢሳኦ ኦካዋ ከራሳቸው ሀብት 695 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚያወጣ የአክሲዮን ድርሻ ለኩባንያው ሰጥተው በዚያው ዓመት በማርች ወር ዐረፉ። ሴጋ በዚህ ስጦታ ከሞት ተርፎ ዛሬ ጨዋታ ብቻ ይሠራል፤ ያ ሰማያዊ ጃርትም በቀድሞው ባላጋራ በኒንቴንዶ መሣሪያ ላይ ሲሮጥ ይታያል። ለውድቀቱ የሶኒ ብርታትና የኩባንያው ዕዳም ምክንያት እንደ ሆኑ እናውቃለን። ሁሉን በችኰላው ላይ ልንጭን አንፈልግም። ነገር ግን መልካሙ ዕቃ በመጣ ጊዜ የሚያምነው ሰው ያሳጣው ችኰላው ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

አሁን ደግሞ ወደ ተቃራኒው እንለፍ። ፕሌይስቴሽን 2 በማርች 2000 በጃፓን ወጣ፤ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን በዲሴምበር 1994 የወጣ ስለ ሆነ በመካከላቸው ከአምስት ዓመት የሚበልጥ ጊዜ ነበረ። አዲሱ መሣሪያ የቀድሞውን ዲስክ ሁሉ ከሞላ ጐደል ያነብ ነበር፤ የፊልም ዲስክም ያሳይ ነበር። በዚህ ምክንያት አባት ለልጁ የገዛለት አሮጌ ጨዋታ ሁሉ አብሮ ወደ አዲሱ ተሸጋገረ። ከዚህም የሚበልጠው ሌላ ነገር ነው። ሶኒ በ2006 ተተኪውን ባወጣ ጊዜ ፕሌይስቴሽን 2ን አልጣለውም። በ2009 በአሜሪካ ዋጋውን ወደ 99 ዶላር አወረደው፤ ፋብሪካውም እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ መሥራቱን አላቋረጠም። 13 ዓመት ያህል ማለት ነው። የተሸጠውም ቍጥር ከ150 ሚሊዮን በላይ ነው። ገንዘብ ያለው አዲሱን ገዛ፤ የሌለውም አሮጌውን በቀላል ዋጋ ገዝቶ አዳዲስ ጨዋታ አገኘ። ኒንቴንዶም ቢሆን የ1983ቱን ፋሚኮም በጃፓን መሥራቱን ያቆመው በ2003 ነው ቢባል የሚያምን ጥቂት ይሆናል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

በአዲስ አበባም ሰፈሮች ወጣቶች በየጨዋታው ከፍለው እግር ኳስ የሚጫወቱባቸውን ፕሌይስቴሽን ቤቶች የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። ለዚያ ቤት ባለቤት መሣሪያው መጫወቻ ሳይሆን እንጀራ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ያመጣለትን ወይም ያገለገለ ገዝቶ ያቆመውን መሣሪያ ገንዘቡን እስኪመልስለት ድረስ ሊሠራበት ይገባዋል። እርሱ መሣሪያውን በገዛ ማግስት አዲስ ወጣ ቢባል፣ ደንበኞቹ የሆኑት ወጣቶች አዲስ ወዳለበት ወደ ጐረቤቱ ይሻገሩበታል።

ይህን ስንል ግን መዘግየት ሁሉ መልካም ነው ማለታችን አይደለም። ከላይ እንዳየነው ሴጋን በአሜሪካ ያገነነው የኒንቴንዶ መዘግየት ነው። አሮጌ መሣሪያ ላይ ብዙ ሲቈዩ የጨዋታ ደራሲዎች አሳባቸው ይታሰርባቸዋል፤ ሥዕሉን ይቀንሳሉ፣ የሜዳውን ስፋት ያጠባሉ። ደግሞም ችኰላ ሁሉንም አይገድልም፤ ባለጸጋ ከሆነ ስሕተቱን በገንዘቡ ይሸፍነዋል። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን ኤክስቦክስ በ2001 አውጥቶ፣ በ2005 ተተኪውን ኤክስቦክስ 360ን አወጣ፤ ከባላጋራው ከሶኒም በአንድ ዓመት ቀደመ። ነገር ግን ብዙዎቹ መሣሪያዎች እየጋሉ ይበላሹ ጀመር፤ በፊታቸውም ቀይ መብራት ሲበራ ባለቤቱ ያዝን ነበር። በ2007 ኩባንያው የዋስትናውን ጊዜ ወደ ሦስት ዓመት አራዝሞ ለማደሻ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበ። ይህን ያህል ገንዘብ ለስሕተት መክፈል የሚችል ኩባንያ በዓለም ላይ ስንት አለ? ሴጋ ይህ ግምጃ ቤት አልነበረውም።

ዛሬ ደግሞ ነገሩን የለወጡት ሁለት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው፣ አንድ ታላቅ ጨዋታ ለመሥራት የሚያስፈልገው ጊዜ መርዘሙ ነው። ቀድሞ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይበቃ የነበረው አሁን አምስትና ስድስት ዓመት ይፈጃል። በ2013 ለፕሌይስቴሽን 3 የወጣው ግራንድ ቴፍት አውቶ አምስተኛው ክፍል (ለልጆች የሚገባ ጨዋታ አይደለም፤ ወላጆች ይጠንቀቁ) በ2014 ለፕሌይስቴሽን 4፣ በ2022 ደግሞ ለፕሌይስቴሽን 5 ታድሶ ተሸጠ። መሣሪያው ሁለት ጊዜ ተለወጠ፤ ጨዋታው ግን ያው አንዱ ነው። ደራሲው አንድ መጽሐፍ ጽፎ ሳይጨርስ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ መለወጥ ለማን ይጠቅማል?

ሁለተኛው፣ ዋጋ እንደ ቀድሞው አለመውረዱ ነው። አስቀድሞ በትዕግሥት የሚጠብቅ ቤተሰብ ዋጋው በየዓመቱ ሲቀንስለት ያይ ነበር። ፕሌይስቴሽን 5 ግን በ2020 በአሜሪካ በ499 ዶላር ወጥቶ፣ ከአምስት ዓመት ያህል በኋላ በኦገስት 2025 ወደ 549 ዶላር ወጣ። ዕቃ እያረጀ ዋጋው ሲጨምር ማየት በዚህ ንግድ እንግዳ ነገር ነው። ይህ ከሆነ ደግሞ አዲስ መሣሪያ ቶሎ ማውጣት በቤተሰብ ላይ ሁለት ጊዜ መክበድ ነው፤ አሮጌው አልረከሰ፣ አዲሱ አልቀለለ።

እንግዲህ ስንት ዓመት ይሁን? እኛ የምንፈርደው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። አራት ዓመት አጭር ነው፤ ሕፃኑ አንደኛ ክፍል ሲገባ የተገዛለት መሣሪያ አምስተኛ ክፍል ሳይደርስ ይጣልበታል። ኒንቴንዶ ስዊችን በማርች 2017 አውጥቶ ስዊች 2ን በጁን 2025 ሲያወጣ፣ በመካከሉ ስምንት ዓመት ከሦስት ወር ቈይቷል። የመጀመሪያው ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ አዲሱም የቀድሞውን አብዛኛውን ጨዋታ ይቀበላል። ዋጋው ከ299 ወደ 449 ዶላር ከፍ ማለቱ ያስቈጫል፤ ስለ ጊዜው ግን ልንነቅፈው አንችልም።

ዳሩ ግን የዓመቱ ቍጥር ብቻውን በቂ አይደለም። ስምንት ዓመት ቈይቶ አሮጌውን ዲስክ የማያነብ መሣሪያ ከሚመጣ ይልቅ፣ በስድስት ዓመት መጥቶ የሚያነበው ይሻላል እንላለን። ኒንቴንዶ በ1989 ጌም ቦይ የሚባለውን በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አውጥቶ፣ በ1998 ባለ ቀለሙን፣ በ2001 ደግሞ ሦስተኛውን ጌም ቦይ አድቫንስን ሲያወጣ፣ የመጀመሪያው ካሴት በሦስተኛውም ይሠራ ነበር። ባለ ቀለሙና ሦስተኛው በሦስት ዓመት ልዩነት መምጣታቸው ቅሬታ ያላስነሣው ስለዚህ ይመስለናል። እንደዚሁም በመካከል የሚወጡት የተሻሻሉ መሣሪያዎች፣ በ2016 የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮን የመሰሉት፣ ለነርሱ ብቻ የሚሠራ ጨዋታ እስካልተለየላቸው ድረስ አይጐዱም፤ የቀድሞውን የገዛ ሰው ምንም አልቀረበትም።

በመጨረሻም መሣሪያ ለመግዛት የሚያስቡ ወላጆች አንድ ነገር አስቀድመው እንዲመረምሩ እንለምናለን። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዲስክ ማስገቢያ የሌላቸው መሣሪያዎች እየበዙ ናቸው። ፕሌይስቴሽን 5 ራሱ በሁለት ዐይነት ወጣ፤ አንዱ ማስገቢያ አለው፣ ሌላው የለውም። በኖቬምበር 2024 በ700 ዶላር የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ደግሞ ማስገቢያውን ለብቻው የሚያስገዛ ነው። ጨዋታውን ሁሉ በኢንተርኔት ማውረድ ይቻላል፤ ነገር ግን የኢንተርኔት መስመር ደካማ በሆነበት ቤት አንድ ጨዋታ ለማውረድ ቀናት ይወስዳል፤ በዲስክ ያልተገዛውንም ለወንድም ልጅ ማዋስ ወይም መልሶ መሸጥ አይቻልም። በቤታቸው የቀድሞ ዲስክ በሣጥን የያዙ ወላጆች ከመክፈላቸው በፊት ሻጩ የመሣሪያውን ፊት እንዲያሳያቸው ይጠይቁ፤ ማስገቢያውንም በዐይናቸው ሳያዩ ገንዘቡን አይቍጠሩ።